ሊሾ የለበሰው ጋጣ

ልጄ ከኮሌጅ ተመርቃ ቤት በገባች በዓመቱ «እማየ፣ ዓረብ አገር ልሄድ ነው» አለችኝ። ምስር እየለቀምሁ ነበር። እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ከማን ጋር?» አልሁ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«ከማን ጋር ትላለች ደግሞ! ሰርግ ነው እንዴ? ብቻየን ነዋ።»

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አገር ያውቀዋል። ልጆቼ ወንዝ ሲሻገሩ እፈራለሁ፣ ባጃጅ ሲሳፈሩ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፣ ሳይጮህ ሲውል ደግሞ ይብስብኛል። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ የማትፈራ እናት ካለች እንዴት እንደቻለችው ትንገረኝ። ወንዶቹ ልጆቼ ጎጆ ወጥተው ርቀዋል፤ ቤት የቀረችኝ እሷ ነበረች። የተማረችው የከብት እርባታ ነው። ደብረ ማርቆስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትቆም ዓመቱ አለቀ። አብረዋት የተማሩት ከሄዱበት ፎቶ ይልኩላታል፣ እሷ እዚህ ከእኔ ጋር ምስር ትለቅማለች።

ለአባቷ ነገርሁት። ወደ ከብቱ ወጣ፤ እዚያ ቆይቶ ሲመለስ ጫማው እበት እንደያዘ መደቡ ላይ ተቀመጠና ጠራት።

«የተማርሽው ስለ ላም አይደል?»

«ነው፣ አባየ።»

«እንግዲያ ጋጣውን ውሰጅው። አንዱን በሬ እሸጣለሁ፣ የፈረንጅ ላም ትገዣለሽ። አንድ ዓመት ሞክሪው። ካልሆነልሽ ያኔ የፈለግሽበት ሂጅ፤ አልይዝሽም።»

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። እንዲህ ነው የተጀመረው። ላሚቱ ከሆነችልን ልጄ ትቀራለች፣ ካልሆነችልን ትሄዳለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ጋጣው ያሰብሁት ሁሉ ስለ ልጄ ያሰብሁት ነው።

ጋጣውን የሠሩት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ናቸው። ባለቤቴ ገና በጀርባ ይታዘል በነበረ ጊዜ የጽድ ግንዱን በሰው ትከሻ አስመጥተው፣ ወይራውን ከራሳቸው ማሳ ጥግ ቆርጠው፣ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ አቆመው። ግድግዳው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ክዳኑ ሳር፤ በሩ ዝቅ ያለ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት። መስኮት የሚባል የለውም። ጅብም ሌባም ብርድም እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ቤት ነው፤ እውነትም አንዱም ገብቶ አያውቅም። ውስጡ ከብቱ በሚተነፍሰው ይሞቃል፤ ጣራው ለተባይ ተብሎ ከሚጨሰው እበት ብዛት ጠቁሮ ከሰል መስሏል።

እኔ በዚያ ግቢ ሙሽራ ሆኜ ስገባ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የጋጣውን እበት መዛቅ ነው። ተዘግቶ ያደረውን በር ስከፍተው ሽንቱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ እንባዬ ይወርዳል። አማቴ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ሆነው «ምን ያስለቅስሻል? እናትሽ ናፈቀችሽ?» ይሉኝ ነበር። ናፍቃኝም ነበር። በሽንቱ አመካኝቼ ብዙ ቀን አልቅሻለሁ።

ባለቤቴ ያሰበው አሮጌውን አፍርሶ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ አዲስ ማቆም ነበር። ከተማ አካባቢ ያየው እንዲያ ነው። ልጄ ግን ጋጣው ውስጥ ገብታ ቆየች። ምሰሶውን በእጇ መታ መታ አደረገች፣ ወጥታ ዙሪያውን ዞረች፣ ተመልሳ ገባች።

«አባየ፣ ይህን የሚያፈርስ እብድ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ጽድ ዛሬ ከየት ይመጣል? ቆርቆሮ እንደሆነ ቀን ይጋግራል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። የዚህ አጥንቱ ደህና ነው። የጎደለው አየርና ወለል ነው።»

በእንጨት መሬት ላይ ሣለችልን። ግድግዳው ከጣራው ሥር በወዲህም በወዲያም ይከፈታል፤ ነፋሱ ከላሚቱ ጀርባ በላይ ያልፋል። ሳሩ እንዳለ ይቀራል፣ ዝናቡ በመስኮቱ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ብቻ ቆርቆሮ ይቀጠላል። ወለሉ ድንጋይና ሲሚንቶ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሽንቱ በቦይ ወርዶ ውጭ ጉድጓድ ይገባል። በሩ ከፍ ይላል። ጥጃ ስትመጣ የራሷ ጥግ ይኖራታል። ስትናገር ፊቷን እያየሁ ነበር። ከተመረቀች ወዲህ እንዲያ ሆና አላየኋትም።

አማቴ ሁሉን ሰምተዋል። አርጅተው ነበር፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም።

«መስኮት? ለከብት? ምን ልታይበት ነው? የማርቆስን መኪና?»

«አየር ልትወስድበት ነው፣ አባባ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን መስኮት በሌለው ቤት ተኝቻለሁ። ሞትሁ?»

«አልሞቱም። ሲያስሉ ግን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳል።»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኛ እንዲህ ብለን አንናገራቸውም። ሽማግሌው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ፤ የጎረቤት ውሻም ጮኸ፤ እሱም ሌላ ሳቅ ሆነ።

እኔም መስኮቱን ፈርቼው ነበር። ሌባ እጁን ሰዶ ገመድ ሲፈታ ይታየኛል። «ከፍ ያለ እኮ ነው እማየ» አለችኝ። «ሌባው መሰላል ተሸክሞ እስከዚህ ድረስ ከመጣ ይውሰዳት፤ ደክሞበታል።»

እህሉ ከገባ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ከሁሉ የከበደን ወለሉ ነው። ከብት ሲረግጠው የኖረ እበትና አፈር ድንጋይ ሆኗል። በመቆፈሪያ እየፈነቀልን ወደ ድንቹ ማሳ አጋዝነው። ከሥሩ አንዲት የዛገች ቃጭል ወጣች። አማቴ አገላብጠው አዩና «የቀይዋ ናት፤ እናቴ የሰጠችኝ ላም» አሉ፤ ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሏት ጀመር። እኔ ያን ወለል ሳማርረው ኖሬ፣ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ሳየው መቆፈሪያውን ጥዬ አፋፉ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ መዛቅ፣ ድንች ማሳ ላይ ተበትኖ ቀረ።

ግድግዳው የተቀደደ ቀን ብርሃን ጋጣው ውስጥ ገባ። እኔ በዚያ ቤት ፊቴ ያለውን ሳላይ የኖርሁ ሴት፣ ማገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጽዱ ላይ የመጥረቢያ ምልክት፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድሮ ይታያል። አማቴ በምርኩዛቸው ገቡና ቀና ብለው አዩት። «ይህን የጠረብሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ያላወቅን ይመስል። ከዚያ ወዲያ ስለ መስኮቱ ክፉ አልተናገሩም።

የቀረው ወለሉና ላሚቱ ነበር። ልጄ ደብረ ማርቆስ ዳር አንድ ሰው ጋ እርጉዝ የሆነች የፈረንጅ ድቅል ላም መኖሯን ሰምታ ለማየት ሄደች። ከመሄዷ በፊት ወለሉን ለሚሠራው ግንበኛ ነግራዋለች፤ እኔም ሰምቻለሁ፤ «ወለሉን ሻካራ አድርገው፣ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫር ጫር አድርገው» ብላዋለች። የሄደች ለታ መንገዱ ተዘጋ። የስልኩም መስመር ጠፋ። እሷ ከተማ ቀረች፣ እኔ እዚህ በር በር እያየሁ ቀረሁ። ምግብ አልበላ አለኝ። በዚህ መሀል የግንበኛው ተራ ደረሰ፣ ከአምበር ከተማ በእግሩ መጣ።

በኛ ሰፈር ሊሾ ያለው ቤት አልነበረም። ሲሚንቶው በመለሰኛ ብረት ታሽቶ፣ ታሽቶ፣ ፊት እስኪያሳይ የሚያበራውን ወለል ማለቴ ነው። ያየነው ከተማ፣ ቢሮና ሱቅ ስንገባ ነው። የኔ ቤት ወለል በእበት የምለቀልቀው መሬት ነው፤ የጎረቤቶቼም እንዲሁ።

«ልጅቱ ሻካራ ይሁን ብላለች» አለ ግንበኛው።

«ሲሚንቶ እንዳላወጣ አዝናልኝ ነው» አለ ባለቤቴ። «ሊሾ አድርገው።»

«ለከብት?»

«ለልጄ ነው። ላሚቱማ ምን ታውቃለች።»

ግንበኛው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ገባ። እኔ ውሃ አቀብል ነበር። እያየሁት ያ ሻካራ ነገር በእጁ ሥር ተለሳለሰ፣ ከዚያ አበራ። በመስኮቱ የሚገባው ሰማይ ወለሉ ላይ ታየ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ወለል ያላት ልጅ ወዴት ትሄዳለች፣ የሰው አገር ወለል ልትወለውል? ያኔ በልቤ ያልሁት ይህን ነው። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ተነጋግረንበት አናውቅም።

በደረቀ ጊዜ ጎረቤት ሊያይ መጣ። ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። አንዷ ጎረቤቴ በባዶ እግሯ እየተንሸራተተች «እቴ፣ ይህ ለላም ነው ለሙሽራ? ሙሽራውን ደብቃችሁን ነው እንጂ!» አለች። አማቴ ደግሞ «እኔን እዚህ አስገቡኝ፤ ላሚቱ ከኔ መደብ ትተኛ» አሉ። ባለቤቴ እንዲያ ሲስቅ ያየሁት በሰርጋችን ቀን ነው።

መንገዱ ሲከፈት ልጄ ላሚቱን ይዛ መጣች። ጥቁርና ነጭ፣ ረጅም፣ ሆዷ የወረደ፣ ዓይኗ ትልልቅ። ከአስፋልቱ እስከ ቤት በእግር ስትጎትታት የሰፈሩ ሰው ከኋላ ከኋላ ተከተላት። ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ልጄ ወለሉን አየች። ጫማዋን አላወለቀችም። አባቷን አየችው፤ እሱ ፊቷን ይጠብቃል፤ ከኋላዋ ጎረቤት ሁሉ ቆሟል።

«ያምራል፣ አባየ» አለች።

ጓዳ ስንገባ ግን ክንዴን ያዘችኝ። «እማየ፣ ማነው ይህን ያደረገው? ላም እንደናንተ ጫማ አውልቃ አትገባም እኮ! ኮቴዋ አይይዝላትም። ይህ መወቀር አለበት።»

«ለአባትሽ ንገሪዋ።»

«አንቺ ንገሪው።»

«እኔ እፈራለሁ።»

«እሱን ነው የምትፈሪው? በሕይወቱ ተቆጥቶሽ ያውቃል?»

«ስለማይቆጣ ነው የምፈራው» አልሁ። እውነቴን ነው። የሚቆጣ ሰው ይወጣለታል።

ከሁለት ቀን በኋላ እራሷ ጀመረችለት። «አባየ፣ ወለሉን ትንሽ ጫር ጫር ላድርገው እንዴ?» አለችው። «ምኑ ተበላሸ?» አለ። ሲናገር ፊቱ ዕቃ እንደተቀማ ልጅ ሆነ። «ምንም አልተበላሸ» አለች። ከዚያ በጭድና በደረቅ ሳር ወፍራም ጉዝጓዝ ጎዘጎዘችበት፤ በየቀኑ የረጠበውን እያወጣች ደረቅ ትጨምራለች። ወለሉ ከጉዝጓዙ ሥር ተደበቀ። ላሚቱ ደህና ቆማ፣ ደህና ተኝታ፣ ደህና ታመሰኳለች።

ያ ወቅት ጥሩ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔን የሚያቃጥለኝ ነገር የለም። ዝንቡ ቀነሰ። የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ መስኮቱን ያያል፤ አንድ ሁለት ሰው የራሱን ጋጣ ሊቀድ አሰበ። ልጄ ስልኳን መደብ ላይ ጥላ ትውላለች። ላሚቱን ስታጥብ፣ ስታወራት እሰማታለሁ፤ «አንቺ ወፍራም፣ ዙሪ በይ እስኪ» ትላታለች። አምበር ወተት ከሚረከቡት ጋር ተነጋግራለች፤ ላሚቱ እስክትወልድ ብቻ ነው የሚጠበቀው። የዓረብ አገር ነገር ከአፏ ጠፋ። እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

የማርያም ማህበር የኛ ተራ ደረሰ። እንግዳ ይመጣል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ እኔ ከንጋት ጀምሬ ከምድጃው አልተነሳሁም። ልጄ ለላሚቱ ሳር ልታጭድ ወደ ወንዙ ወርዳለች። ባለቤቴ ከማህበርተኛው መሀል ሩቅ ሰፈር ያሉ፣ ጋጣውን ያላዩ እንዳሉ ያውቃል። ጉዝጓዙን ጠራርጎ አወጣው። ወለሉን በውሃ አጠበው። እንደገና አበራ።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ «እስኪ ይህን የላም አዳራሽ አሳየን» ተባለ። ሁሉም በነጭ ጋቢ ተነስቶ ሄደ። እኔ ሳህን ይዤ ከኋላ ነበርሁ። በሩን ሞሉት። ላሚቱ እንዲያ ያለ ነጭ ልብስ ስታይ፣ ድምፅም ስትሰማ ፊቷን ለማዞር አንድ እርምጃ አነሳች። የኋላ እግሮቿ በየፊናቸው ሄዱ። እንደ መቀስ ተከፈቱ፤ በዚያ ከባድ ሆዷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ድምፁ ትንሽ ነበር። እኔ ብቻ የሰማሁት መሰለኝ፣ ሌላው ሰው ገና ይስቅ ነበር።

ለመነሳት ሞከረች፤ ከፊቷ ተነሳች፣ ኋላዋ እምቢ አለ። ወንዶቹ ገቡ። ገመድና ጆንያ በሆዷ ሥር ሰደው «ሆ!» ብለው አነሷት፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ እንደገና ተንሸራተተች። ካነሷት ሰዎች አንዱ ራሱ በጀርባው ወደቀ። ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ሮጣ አመድ አመጣች፣ ሌላው ጭድ በተነ፤ ያኔ ኮቴዋ ቆነጠጠ፤ ግን የሚገፋ እግር አልነበራትም።

ልጄ ሳሩን ተሸክማ መጣች። ሸክሟን ጣለችው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጉዝጓዙ የት ሄደ?»

ባለቤቴ ከላሚቱ ራስ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። እጁ ጆሮዋ ላይ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ በማግስቱ ደረሰ። እጁን አስገብቶ አየና ዳሌዋ ነው የተሰበረው አለ። «ጥጃውስ?» አለችው ልጄ። ራሱን ነቀነቀ፤ ጊዜው ገና ነው፣ ውስጥም ዝም ብሏል አለ። ታረደች። ጎረቤት እኛን ለመርዳት ብሎ ሥጋውን በቅርጫ ተካፈለ፤ ለኛ የቀረው መደብ ራስ ላይ ተሰቅሎ ደረቀ፤ የነካው የለም። አማቴ ልጃቸውን ሊያጽናኑ «ተወው፤ ጫማችንን ያወለቅነው ሁላችንም ነን» አሉት። እሱ ገመዷን እየጠቀለለ ወጣ።

ልጄ አባቷን በአንድ ቃል አልወቀሰችም። ብትጮህበት ኖሮ ብየ ዛሬም እላለሁ። መዶሻና መሮ ተውሳ ጋጣው ገባች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ወዲህና ወዲያ፣ መስመር እያደረገች ትወቅረው ጀመር። ድምፁ ጓዳ ድረስ ይሰማል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ኖረ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ሌላ መሮ ይዞ ገባ፣ ከማዶው ግድግዳ ጀመረ። እኔ ውሃ ይዤላቸው ስገባ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይወቅራሉ፤ ሁለቱም አቧራ ለብሰዋል።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ?» አልኋት።

«ለምትመጣው ላም።»

«አንቺስ?»

መሮውን በአዲስ መስመር ላይ አስቀመጠች። «ዓመቱ እኮ አላለቀም» አለ ባለቤቴ ሳይዞር።

«አውቃለሁ አባየ። ግን ሌላ በሬ የለህም።»

እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት ባለቤቴ ያረሰው በመቀናጆ ነው፤ አንድ በሬውን ከጎረቤት አንድ በሬ ጋር እያቀናጀ፣ ተራ እየጠበቀ፣ የጎረቤት ማሳ ሲያልቅ የኛ ዘር እየዘገየ። እሱ ያንን ተናግሮት አያውቅም። እሷ ግን በየማለዳው ታየው ነበር።

ዓረብ አገር የምትሄድ ለታ አምበር ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሞልቶ ይጮሃል፤ ረዳቱ «ግቢ እንጂ፣ ምርቃቱ በስልክ ይደርሳል!» ይላታል። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ አንገቷን ይዤ ያልኋት ሁሉ ፍርሃት ነው፤ ውሃ ሳታጣሪ አትጠጭ፣ በረንዳ ጫፍ አትቁሚ፣ ማታ በሩን ቆልፊ። ያሰብሁት ሌላ ነበር። ጋጣሽ ያምራል ልላት ነበር።

ጋጣው ዛሬ ቆሟል። እሷ በላከችው ገንዘብ ባለቤቴ መጀመሪያ የተሸጠውን በሬ ተካ፣ ቀጥሎ ድቅል ጊደር ገዛ። ጊደሯ አደገች፣ ወለደች፣ ወተቷ አምበር ይሄዳል። የወቀሩት ወለል ኮቴ ይይዛል፤ አንዲትም ቀን ተንሸራታ አታውቅም። የግብርና ባለሙያው አንዳንዴ ገበሬ ይዞ ይመጣል፣ አሮጌ ጋጣ ሳይፈርስ እንዴት እንደሚታደስ እዩ ይላቸዋል። እነሱ መስኮቱን ያያሉ፣ ጽዱን ያያሉ። ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቀው ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ ያሳያቸዋል፤ «ሻካራ አድርጉት፤ ሊሾ ያላችሁን አትስሙ» ይላቸዋል። ቀና ሳይል ይቆያል። እኔ ያን ሳይ ወጥቼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።

አማቴ ባለፈው ክረምት አርፈዋል።

ልጄ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ጋጣውን ነበር። አንድ ጊዜ «በቪዲዮ አሳይታችሁኝ አታውቁም» ብላን፣ የጎረቤት ልጅ ስልክ ይዞልን ገባን። ሐምሌ ነው። ብርዱን ለጥጃዋ ፈርቼ መስኮቱን በሳር ወትፌው ነበር።

«እማየ! ያ ምንድን ነው?»

«ብርድ ነው ልጄ፣ ጥጃዋ ገና ጨቅላ ናት...»

«ንቀይው። አሁን፣ እያየሁሽ። ጥጃ ደረቅ ከሆነች ብርድ አትፈራም፤ የምትፈሪው አንቺ ነሽ።»

በርጩማ ላይ ወጥቼ ነቀልሁት። እዚያ ማዶ ስትስቅ እሰማታለሁ፤ የሳቋ ድምፅ ጋጣውን ሞላው።

ዘንድሮ የሥራ ውሏ አለቀ። የደወለችው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

«እማየ፣ ሁለተኛ ላም ቢጨመር ቦታው ይበቃል አይደል?»

«ይበቃል፤ ምሰሶው ወዲያ ባዶ ነው።»

«ልምጣ እንዴ?»

በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ወደ ደጀን አቅጣጫ የሄዱ ሰዎች በእግራቸው ተመልሰዋል፤ የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ የት እንደደረሰች አልታወቀም ነበር፣ እናቷ እኔ ደጃፍ ተቀምጣ ስታለቅስ አድራለች። ሌት ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ይሁን ሌላ አናውቅም። ልጄን ከአዲስ አበባ እስከዚህ፣ በዚያ መንገድ፣ በሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ አየኋት። ዓረብ አገር ቢያንስ በሩ የሚቆለፍ ቤት ውስጥ ናት።

«ቆይ ትንሽ» አልኋት። «መንገዱ እስኪረጋ።»

ከኋላዋ የዕቃ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ስሟን ይጠራል።

«እሽ፣ እማየ» አለች።

ነይ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ ወለሉ ሲታሽም ሲወቀርም፣ የምንለው እሱን ብቻ ነበር፤ እሷ ራሷ ጠይቃኝ እኔ ቆይ አልሁ። ባለቤቴ «ምን አለችሽ?» ሲለኝ «ደህና ናት» አልሁት።

መንገዱ በሳምንቱ ተከፈተ። ጎረቤቴም ልጇን አገኘች፤ ደጀን ዘመድ ቤት ተቀምጣ ኖሯል። ወዲያው ደወልሁ፤ ስልኩ አልተነሳም። ማታ እራሷ ደወለች። «እማየ፣ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ» አለች። ስለ ጋጣው አልጠየቀችኝም።